ከፒትስበርግ ዲሲ በሳይክል፤ የጂፒኤሴ መስመር ኮነልስቪል ላይ ቀጥ አለብኝ

ጎማው ተነፈሰ፣ ማክሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ታክሲ እነዳለሁ። አሥራ አራት ዓመት ተቀምጬ ሠርቼ ወገቤ አልላወስ ሲለኝ ሐኪሟ «ተንቀሳቀስ» አለችኝ። ሳይክል ገዛሁ። መጀመሪያ እስከ ሱቅ፣ ቀጥሎ እስከ ወንዙ፣ አሁን ደግሞ ከአንድ የሥራ ጓደኛዬ ጋር በመስቀል ማግስት ከፒትስበርግ እስከ ጆርጅታውን ልንነዳ ተማምለናል። ሚስቴ «ሐኪሟ ይህን ሁሉ ብላሃለች?» ትለኛለች።

መንገዱን ለማታውቁት፦ ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ የሚባል 150 ማይል አለ። የድሮ የባቡር ሐዲድ ተነስቶ የሳይክል መንገድ ሆኖ ነው። ከምበርላንድ ላይ የሲ ኤንድ ኦ ቦይ ዳር መንገድ ይቀበላችኋል። እሱ 184 ማይል ተኩል ነው፤ ድሮ በቅሎዎች ጀልባ ሲጎትቱበት የነበረ። ሲደመር 335 ማይል ገደማ። መኪና አይገባበትም። ቀኑን ሙሉ ክላክስ ሲጮህበት ለሚውል ሰው ገነት ነው።

ወደ ችግሬ ልግባ። ጎረቤቴ ቤት ሲለቅ ግቢው ላይ ዕቃ ዘርግቶ ሲሸጥ አንድ ጋርሚን ኢትሬክስ 30 የሚባል ጂፒኤስ በ40 ዶላር አነሳሁ። በእጅ የሚያዝ፣ በሁለት ደብል ኤ ባትሪ የሚሠራ፣ ቢወድቅም የማይሰበር ነገር። ስልክ አለህ አይደል ትሉኝ ይሆናል። አለኝ። ተራራው ውስጥ ግን ኔትወርክ ይጠፋል ይላሉ። ደግሞ ስልኬን ማታ ቤት ለመደወል ነው የምፈልገው።

መጀመሪያ ላፕቶፔ መሣሪያውን አላየው አለ። ሁለት ቀን ተጨቃጨቅን። ለካ ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ኖሯል። ከድሮ ካሜራዬ ሣጥን ሌላ ሚኒ ዩኤስቢ ገመድ አውጥቼ ስሰካ ወዲያው ታየ። ደስ ብሎኝ ሙሉውን መንገድ የያዘ አንድ የጂፒኤክስ (የጂፒኤስ መስመር የሚቀመጥበት) ፋይል አውርጄ ጋርሚን የሚለው ፎልደር ውስጥ፣ ጂፒኤክስ የሚለው ውስጥ ከተትኩት። መሣሪያው ላይ ስከፍተው መስመሩ ከፒትስበርግ ይነሳል፣ ያምራል፣ ይታጠፋል፣ ኮነልስቪል የምትባል ከተማ ሲደርስ ቀጥ። ከዚያ ወዲያ ባዶ። ሦስት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት። ሦስቴም ኮነልስቪል።

ተናድጄ ደግሞ «ሩት» (መሣሪያው ራሱ መንገድ የሚፈልግበት) አድርጌ ሞከርኩት። ይባስ ብሎ አይ-68 አውራ ጎዳና ላይ አወጣኝ። አይ-68ን በታክሲ አውቀዋለሁ፤ በሳይክል ልተዋወቀው አልፈልግም።

ምን ላድርግ? መሣሪያው ተበላሽቶ ነው?

ቦይ ለቦይ፣ ማክሰኞ ማታ

ጂፒኤስ ለምን አስፈለገህ? ከከምበርላንድ ጀምሮ ቦዩ በግራህ፣ ፖቶማክ በቀኝህ። ከጠፋህ ወይ ዋናተኛ ነህ ወይ ሰክረሃል።

ጎማው ተነፈሰ፣ ማክሰኞ ማታ

እሺ አንተ ደግሞ። የመጀመሪያው 150 ማይል ላይ ቦይ የለም እኮ።

የአራዳዋ፣ ረቡዕ ጠዋት

ወንድሜ፣ መሣሪያህ አልተበላሸም። ሞልቶበት ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ፤ ይህን መንገድ ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ ያው ኢትሬክስ 30 ነው ያለኝ።

ትራክ፣ ማለትም የጫንከው መስመር፣ መቁጠሪያ ነው በለው። በክር ላይ የተሰካ የነጥብ ዶቃ። መሣሪያህ በአንድ መቁጠሪያ ላይ የሚይዘው 10,000 ዶቃ ነው። አሁን አብረን እንቁጠር። 335 ማይል 539 ኪሎ ሜትር ነው። ያወረድከው ፋይል በየ10 ሜትሩ አንድ ነጥብ እየጣለ የተሠራ ይመስለኛል። ስለዚህ ወደ 54 ሺህ ነጥብ አለው። መሣሪያው የመጀመሪያውን 10 ሺህ ይዞ የቀረውን ይጥለዋል። 10 ሺህ ነጥብ በ10 ሜትር 100 ኪሎ ሜትር፣ 62 ማይል መሆኑ ነው። ከፒትስበርግ 62 ማይል ላይ የምትገኘው ከተማ ማን ናት? ኮነልስቪል።

ስለዚህ ሁለት ነገር አድርግ። አንደኛ፣ መስመሩን በቀን በቀን ከፋፍለው። እኔ በስድስት ቀን ነበር የሄድኩት፦ ከፒትስበርግ ኮነልስቪል 62 ማይል፣ ከዚያ ማየርስዴል 56፣ ከዚያ በከምበርላንድ አልፎ ፖ ፖ 60፣ ከዚያ ዊልያምስፖርት 57፣ ከዚያ ብራንስዊክ 45፣ ከዚያ ጆርጅታውን 55። ስትከፍለው ሌላም ጥቅም አለው። ጠዋት ተነስተህ የዛሬውን ብቻ ትከፍታለህ፤ ስክሪኑ ላይ «የቀረህ 48 ማይል» ይልሃል። 273 ቀረህ የሚል ነገር ማየት ጉልበት ይሰብራል፤ እመነኝ፣ አይቼው ነው።

ሁለተኛ፣ ነጥቦቹን አሳሳቸው። ቤዝካምፕ የሚባለውን የጋርሚን ነፃ ፕሮግራም ላፕቶፕህ ላይ ጫን። ትራኩን ሁለቴ ነካ ስታደርገው ፊልተር የሚል አለ። እዚያ ላይ ነጥቡን በቁጥር ትገድበዋለህ። ለአንድ ቀን 2,000 ነጥብ ከበቂ በላይ ነው። የባቡር መንገድ እኮ ነው፤ ባቡር እንደ ፍየል አይዞርም።

አንድ ነገር እንዳትረሳ። ትራክ ስለጫንክ ብቻ ካርታው ላይ አይታይህም። ትራክ ማኔጀር ውስጥ ገብተህ፣ ትራኩን መርጠህ፣ ካርታ ላይ አሳይ የሚለውን መንካት አለብህ። ቀለሙንም እዚያው ቀይረው። ፀሐይ ላይ ደማቅ ቀይ ወይም ማጀንታ ይሻላል።

ዩትሬክት ነኝ፣ ረቡዕ ከሰዓት

የአራዳዋ የተናገረችው ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ላይ ብቻ ትንሽ ልጨቃጨቅ። ማሳሳቱን ከተማ ውስጥ አትጠቀምበት። ነጥብ ስትቀንስ ፕሮግራሙ ቀጥ ያለውን ትቶ ጥምዝምዙን ይጠብቃል፤ ያም ሆኖ ከልክ በላይ ካሳሳኸው ማዕዘን ይቆርጣል። ሜዳ ላይ 20 ሜትር ቢሳሳት ምንም አይደለም። ፒትስበርግ መሐል ግን 20 ሜትር ማለት ሌላ ድልድይ ማለት ነው። ያ ከተማ ደግሞ ድልድይ በድልድይ ነው። ከባቡር ጣቢያው መንገዱ እስከሚነሳበት እስከ ፖይንት ፓርክ ያለውን ለብቻው፣ ነጥቡን ሳትነካ ጫነው።

አሁን ወደ አይ-68። ሰዎች ሁሌ ትራክንና ሩትን ያምታታሉ። ትራክ የተሰመረ መስመር ነው፤ መሣሪያው አያስብበትም፣ ያሳይሃል በቃ። ሩት ግን ጥቂት ነጥቦች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለውን መንገድ መሣሪያው ራሱ ባለው ካርታ ላይ ይፈልጋል። የመኪና መንገድ ብቻ ያለው ካርታ ከሰጠኸውና የጉዞውን ዓይነት «መኪና» ብለህ ከተውከው በመኪና መንገድ ይወስድሃል። ታክሲ ነጂ መሆንህን ያወቀ ነው የሚመስለው። ለዚህ ጉዞ ሩቱን ርሳው። በትራክ ሂድ።

ካርታው ራሱ ግን ይቀየር። አብሮት የሚመጣው ትልልቅ አውራ ጎዳና ብቻ ነው የሚያሳይ። ከኦፕን ስትሪት ማፕ የተሠሩ ነፃ የጋርሚን ካርታዎች አሉ። ፔንሲልቬንያን፣ ሜሪላንድንና ዲሲን መርጠህ አውርድ። ባትሪውን ስታወጣ ከሥሩ የማይክሮ ኤስዲ ካርድ ቦታ አለ። ካርዱ በፋት 32 ፎርማት ይደረግ፤ ጋርሚን የሚል ፎልደር ፍጠርበትና ካርታውን እዚያ ክተት።

እዚህ ኔዘርላንድስ ብዙ ጊዜ መሣሪያም አያስፈልግም። የሳይክል መንገድ መገናኛው ሁሉ ቁጥር አለው። 23፣ 45፣ 71 እያልክ በፕላስተር መሪህ ላይ ለጥፈህ ትሄዳለህ። ባለቤቴ እስካሁን እንደዚያ ነው የምትሄደው። ከእኔ ቀድማ ነው የምትደርሰውም።

ሽማግሌው፣ ረቡዕ ማታ

ልጆቼ፣ በ10 ሺህ ነጥብ ታማርራላችሁ። የእኔ ኢትሬክስ ቪስታ ኤችሲኤክስ ነው። 20 ትራክ ይይዛል፤ እያንዳንዱ 500 ነጥብ። 60 ማይል በ500 ነጥብ በየ200 ሜትሩ አንድ ማለት ነው። በዚያ ስንት አገር ዞሬበታለሁ። ወረቀት ካርታም ያዙ። ወረቀት ባትሪ አይጨርስም።

ጎማው ተነፈሰ፣ ሐሙስ ለሊት

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ወረቀቱን ጓደኛዬ ይይዛል፤ እሱ መሣሪያ አያምንም።

እህቴ የአራዳዋ፣ አንቺን ግን ምን ልበልሽ። ፋይሉን ቤዝካምፕ ላይ ስከፍተው 53 ሺህ ምናምን ነጥብ አለው። ሳታዪው ነው የነገርሽኝ።

እንዳላችሁት ከፈልኩት፣ አሳሳሁት፣ ጫንኩት። አሁን ሌላ ጉድ መጣ። ስድስቱም ትራኮች መሣሪያው ላይ በአንድ ስም ነው የሚታዩት። የፋይሎቹን ስም ቀን አንድ፣ ቀን ሁለት ብዬ ቀይሬ ነበር እኮ። እንዲያውም በአማርኛ ነው የጻፍኩት፣ እንዲያምርብኝ ብዬ።

ዩትሬክት ነኝ፣ ሐሙስ ጠዋት

ጋርሚን የፋይሉን ስም አያይም። የሚያነበው ጂፒኤክሱ ውስጥ የተጻፈውን የትራኩን ስም ነው። ከአንድ ፋይል ስለከፈልካቸው ሁሉም የአባታቸውን ስም ይዘው ቀርተዋል። ቤዝካምፕ ላይ ትራኩን ከፍተህ ስሙን እዚያው ቀይርና እንደገና ላክ።

የአራዳዋ፣ ሐሙስ ጠዋት

አማርኛውን ደግሞ ተወው። እኔም አንዴ ሞክሬ ባዶ ቦታ ነው ያሳየኝ። ቁጥር አስቀድምበት፤ 1 ፒትስበርግ፣ 2 ኮነልስቪል እያልክ በእንግሊዝኛ ፊደል። ዝርዝሩ በተራ ይደረደርልሃል።

ከገባህበት አይቀር ሁለት ነገር ልጨምር። የቦዩ ዳር መንገድ ዝናብ ሲነካው ጭቃ ነው። የሚገርም ጭቃ። ከሊትል ኦርሊንስ እስከ ቢግ ፑል ድረስ ግን ዌስተርን ሜሪላንድ ሬይል ትሬል የሚባል አስፋልት ጎን ለጎን ይሄዳል፤ 28 ማይል ገደማ፣ በሃንኮክ በኩል። እሱንም አውርደህ በሌላ ቀለም ጫነው። ሁለቱ መስመሮች በጣም ተጠጋግተው ስለሚሄዱ ከአንዱ ወደ ሌላው የት እንደምትሻገር መሣሪያው ነው የሚነግርህ። እንግዲህ ጂፒኤስ ለምን አስፈለገ ላለው ሰውዬ መልሱ ይሄ ነው።

ሁለተኛ፣ በቦዩ ዳር ያሉትን የሳይክል ነጂ ካምፖች አንድ በአንድ ምልክት አድርገህ ጫን። ነፃ ናቸው፤ ቀድሞ የደረሰ ያድርበታል፤ አንድ ቦታ ላይ ከአንድ ሌሊት በላይ አይቻልም። መጸዳጃና የእጅ ፓምፕ ውኃ አላቸው። መሣሪያህ 2,000 ምልክት ይይዛል፤ ስለዚህ አትሳሳ። ማታ 11 ሰዓት ላይ ደክሞህ «የሚቀጥለው ካምፕ 3 ማይል» የሚለውን ስታይ ትመርቀኛለህ። ውኃው አዮዲን አዮዲን ይላል፤ ቡና ስታፈላበት አይታወቅህም።

ባትሪ፦ የሚሞላውን ዓይነት ከተጠቀምክ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ የባትሪውን ዓይነት ቀይር። ካለበለዚያ ግማሽ ላይ እያለ አለቀ ይልሃል። ጥንድ ባትሪ 25 ሰዓት ገደማ ይሠራል። የስክሪኑን መብራት ቀን ላይ አጥፋው። ባትሪ በቀየርክ ቁጥር ኮምፓሱን እንደገና አስተካክል፤ ሁለት ሦስቴ መሣሪያውን ማዟዟር ነው። ሰው ካየህ ያበድክ ይመስለዋል፤ ግድ የለም።

ጎማው ተነፈሰ፣ እሑድ

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ማውንት ቨርነን ትሬል ላይ ሞከርኩት። ከቤቴ ደጅ ነው። አጭር ትራክ ሠርቼ ጫንኩ፤ ቀይ መስመሩ ታየ፤ እኔን የሚወክለው ትንሽ ቀስት መስመሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሄደ። አንዴ ሆን ብዬ ሳት አልኩ። ምንም አላለኝም። አልጮኸም፣ አልተቆጣም፣ «እንደገና በማስላት ላይ» አላለም። ስክሪኑ ላይ ቀስቱ ከመስመሩ ወጣ፤ በቃ። ታክሲ ውስጥ ካለችው ሴትዮ ጋር ሳነጻጽረው በጣም ነው የወደድኩት።

የካምፖቹን ምልክት እየጫንኩ ነው። በሶና ዳቦ ቆሎ ሚስቴ እያዘጋጀች ነው። ስንመለስ እነግራችኋለሁ።

ጎማው ተነፈሰ፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ

ተመለስን። ስድስት ቀን ያልነው ሰባት ሆነ። ጓደኛዬ ኦሃዮፓይል ላይ ፏፏቴውን ካላየሁ አልሄድም ብሎ ግማሽ ቀን በላ። እውነቱን ነው፤ ያምራል።

ስለ መሣሪያው ልንገራችሁ። ፒትስበርግ በባቡር የደረስነው ጨልሞ ነበር። ጠዋት ከጣቢያው እስከ ፖይንት ፓርክ ያቺ ያልሳሳችው ትራክ ጠቀመችን። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ አላየሁትም ማለት ይቻላል፤ መንገዱ አንድ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ምሥራቁንና ምዕራቡን ውኃ የሚከፍለው ከፍታ ላይ ደረስን። ምልክቱ 2,392 ጫማ ይላል። የእኔ መሣሪያ 2,431 ይላል። በአየር ግፊት ስለሚለካ የአየሩ ሁኔታ ሲቀየር ይዋዥቃል መሰለኝ፤ እዚያው ቆሜ በምልክቱ አስተካከልኩት። ጓደኛዬ «አንተ ተራራውን አስተካከልከው» እያለ እስከ ከምበርላንድ ሳቀብኝ። ከዚያ እስከ ከምበርላንድ 24 ማይል ቁልቁለት ነው፤ ለመሳቅ ጊዜ ነበረው።

ፖ ፖ ዋሻ ውስጥ 3,118 ጫማ በጨለማ ሳይክላችንን እየገፋን ሄድን። የእጅ ባትሪ ያልያዘ ሰው እንዳይገባ። ውስጡ ሳተላይት የለም፤ መሣሪያው ጠፋብኝ አለ፤ ስንወጣ ግን ከመግቢያው እስከ መውጫው አንድ ቀጥ ያለ መስመር ስቦ ዝም አለ። ቤት ገብቼ ላፕቶፕ ላይ ሳየው ከጉዞው ሁሉ ቀጥ ያለችው መስመር እሷ ናት።

አራተኛው ቀን ዘነበ። የአራዳዋ ሆይ፣ ጭቃውን በትክክል ነው የገለጽሽው። ሊትል ኦርሊንስ ላይ ወደ አስፋልቱ የሚያሻግረውን አረንጓዴ መስመር ሳይ መርቄሻለሁ።

መጨረሻው ግን ይበልጣል። ጆርጅታውን ገብተን ጓደኛዬ «ደረስን» ብሎ ሳይክሉን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። እኔ መሣሪያውን ሳይ ገና ትንሽ ይቀራል። መስመሩ ወደ ወንዙ ይታጠፋል። «ተው፣ እዚያ ምንም የለም፣ እዚህ አሥራ አራት ዓመት ሰው አውርጃለሁ» አልኩት እኔው ራሴ። ቢሆንም ተከተልነው። የጀልባ ማከራያው ጀርባ ዞርን። ዜሮ ማይል ድንጋዩ እዚያ ቆሟል፣ ውኃው ዳር። ስንት ሰው ፊት ለፊቱ አውርጄ ሒሳብ ተቀብዬ ሄጃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ከመኪናው ወርጄ አላየሁትም።

ቦይ ለቦይ፣ በዚያው ማታ

እኔም ለስንተኛ ጊዜ ሄጄ ግድግዳው ጋ ነው የቆምኩት። የዜሮ ማይሉን ምልክት ጂፒኤክስ ላክልኝ እስቲ።